ፊርማው ማንን ይጠብቃል?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አድሮ፣ ዲሲ ሲሠራ ውሎ፣ ማታ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ዘመድ ጠይቆ ቢመለስ በአንድ ቀን የሦስት አስተዳደሮችን መሬት ረግጧል። የደም ግፊቱን የምትከታተልለት ነርስ ፕራክቲሽነር በሦስቱ ቦታዎች ያላት ሥልጣን ግን አንድ አይደለም። በዲሲና በሜሪላንድ መርምራ፣ በሽታውን ለይታ፣ መድኃኒት አዝዛ በራሷ የሙያ ፈቃድ ትሠራለች። ቨርጂኒያ ስትሻገር ለመጀመሪያዎቹ ሦስት የሥራ ዓመታት ከሐኪም ጋር የተፈረመ ስምምነት ይጠየቃል። ብዙ የአገራችን ሰዎች ወደሚኖሩባቸው የቴክሳስ ዳላስ ወይም የጆርጂያ አትላንታ ከሄደች ደግሞ የሃያ ዓመት ልምድ ቢኖራት እንኳ ከሐኪም ጋር ውል ሳትፈራረም አንዲት የመድኃኒት ማዘዣ መጻፍ አትችልም። ትምህርቷም፣ ያለፈችው አገር አቀፍ ፈተናም፣ የያዘችው ታካሚ ሕመምም ያው ነው። የተለወጠው የቆመችበት ግዛት ነው።

ነርስ ፕራክቲሽነር በመጀመሪያ ነርስ ሆና ፈቃድ ያገኘች፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለተኛ ዲግሪ ይዛ በአንድ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በቤተሰብ ጤና፣ በሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና ወይም በአረጋውያን ሕክምና የሠለጠነች ባለሙያ ናት። (ወንዶችም አሉበት፤ አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ ግን በሴት ጾታ እጽፋለሁ።) የብዙዎቹ ሥልጠና ለመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ነው፦ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የልጆች ክትትልና ክትባት፣ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ደግሞ ወደ ስፔሻሊስት መላክ። አሜሪካ ውስጥ ከ380 ሺህ በላይ ናቸው። ከ50ዎቹ ግዛቶች ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን ችለው እንዲሠሩ ፈቅደውላቸዋል፤ በቀሩት ክርክሩ በየዓመቱ ምክር ቤት ይቀርባል፣ በየዓመቱም ያድራል። እኔ እንደማየው የሐኪም ፊርማ የሚጠይቀው ሕግ ታካሚን አይጠብቅም። ታካሚን የሚጠብቁት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጥሩ ሥልጠና፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጠገብ ሆኖ የሚያርም ሰው፣ በሥልጠናው ልክ የተቀመጠ የሥራ ወሰን። የፊርማው ሕግ ከሦስቱ አንዱንም አያረጋግጥም።

ሙያው የተወለደው ከሐኪም እጥረት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሎሬታ ፎርድ የተባለች ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም የመጀመሪያውን ሥልጠና ጀመሩ። ፎርድ በኮሎራዶ ገጠር የሕዝብ ጤና ነርስ ሆና ሠርታ ነበርና ሐኪም በሌለበት ቦታ ነርሷ ምን ያህል ኃላፊነት እንደምትሸከም ታውቅ ነበር። ያው ዓመት ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የጸደቁበትም ነው። አረጋውያንና ድሆች የሕክምና መድን አገኙ፤ መድን ያገኘ ሰው ሐኪም ይፈልጋል፤ ሐኪም ደግሞ በአንድ ጀምበር አይበዛም። የፎርድን ሐሳብ ሐኪሞች ብቻ አልነበሩም የተቃወሙት። ነርሷን ከሙያዋ አውጥታችሁ የሐኪም ረዳት ልታደርጓት ነው ብለው የተቆጡ የነርስ መምህራንም ነበሩ። ፎርድ ሙያው በመላ አገሪቱ ሲስፋፋ አይታ በጥር 2025 በ104 ዓመቷ አረፈች። እጥረቱ ግን ዛሬም አለ፤ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2024 ባወጣው ትንበያ አገሪቱ በ2036 እስከ 86 ሺህ ሐኪሞች ሊጎድሏት እንደሚችሉ አስታውቋል።

ፊርማው በተግባር ምን እንደሆነ በደንብ መታየት አለበት፤ ክርክሩን ከሩቅ የሚሰማ ሰው ሐኪሙ ከነርሷ ጎን ቆሞ እያንዳንዱን ታካሚ የሚያይ ይመስለዋልና። በቴክሳስ አንድ ሐኪም እስከ ሰባት ለሚደርሱ ባለሙያዎች ሊፈርም ይችላል። ታካሚው ባለበት ክፍል፣ ወይም ባለበት ሕንፃ እንኳ መገኘት አይጠበቅበትም። ከተወሰኑ የሕክምና መዝገቦች ውስጥ እየመረጠ ይመለከታል፣ በየጊዜውም ከነርሷ ጋር ይነጋገራል፤ ታካሚውን ግን በዓይኑ ሳያየው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ነርሷ የራሷን ክሊኒክ ከከፈተች ለዚህ ውል ብዙ ጊዜ ወርኃዊ ክፍያ ትከፍላለች። ሐኪሙ ጡረታ ቢወጣ፣ ቢሞት ወይም ወደ ሌላ ግዛት ቢዛወር ሌላ ፈራሚ እስክታገኝ ሥራዋ ይቋረጣል፤ በሰኞ መድኃኒቱን ያሳደሰ የስኳር ታካሚ በማግሥቱ የሚያድስለት ሊያጣ ይችላል። የዚህን ውል ክብደት ለመመዘን ደግሞ 2020ን ማስታወስ ይጠቅማል። ኮቪድ ሲመጣ ብዙ የግዛት ገዥዎች ግዴታውን በትእዛዝ አነሡት። በአደጋ ጊዜ ብዙ ነገር ይላላል፣ ያ ማስረጃ አይሆንም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ብቻውን አይሆንም። ሆኖም ማሳቹሴትስ በ2021፣ ኒውዮርክ በ2022 በወረርሽኙ ጊዜ ያዩትን ተመልክተው ልምድ ላላቸው ነርስ ፕራክቲሽነሮች ነጻነቱን በሕግ ፈቀዱ።

ዋናው ጥያቄ ታካሚው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚጠቀሰው ጥናት በ2000 በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣው የሜሪ ሙንዲንገርና የባልደረቦቿ ሥራ ነው፤ ማኅበሩ የነርስ ፕራክቲሽነሮችን ነጻነት አጥብቆ የሚቃወም ድርጅት በመሆኑ ጥናቱ እዚያ መውጣቱ ራሱ ክብደት አለው። በኒውዮርክ ከተማ ቋሚ ሐኪም ያልነበራቸው 1,316 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። አንዳንዶቹ ለሐኪም፣ አንዳንዶቹ ለነርስ ፕራክቲሽነር ደረሱ። ነርሶቹ መድኃኒት የማዘዝና ወደ ስፔሻሊስት የመላክ ሥልጣናቸው ከሐኪሞቹ ጋር እኩል ነበር። አብዛኞቹ ታካሚዎች የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎች ነበሩ፤ ማለትም ጤነኛና ሀብታም ታካሚ ተመርጦ አልቀረበም። ከስድስት ወር በኋላ በታካሚዎቹ ጤንነት ላይ ልዩነት አልተገኘም፤ በስኳርና በአስም ታካሚዎችም ላይ ቢሆን። ደም ግፊት በነበረባቸው ዘንድ ታችኛው ቁጥር በነርሶቹ በኩል በአማካይ 82፣ በሐኪሞቹ በኩል 85 ሆኖ ተመዘገበ። ይህ ልዩነት ትንሽ ነው፣ ነርሶቹ ይበልጣሉ ለማለት አልጠቀምበትም። ያነሱ ሰዎችን የያዘ የሁለት ዓመት ክትትልም ተመሳሳይ ውጤት አሳየ። በ2018 ደግሞ ኮክሬን የተባለው የማስረጃ ገምጋሚ ተቋም ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ 18 በዕጣ የተካሄዱ ጥናቶችን አንድ ላይ መዘነ። በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ነርሶች የሚያስገኙት የጤና ውጤት ከሐኪሞች ጋር ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ሊሆን እንደሚችል፣ ከታካሚ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ እንደሚረዝም፣ ታካሚዎችም ይበልጥ እንደሚረኩ ደመደመ።

እነዚህ ጥናቶች የሚመዝኑት ሰውን ነው፤ ሕጉን የመዘኑም አሉ። ምጣኔ ሀብት አጥኚዎች በተለያዩ ግዛቶች ሕግ ሲለወጥ የሚሆነውን ተከትለዋል። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት እንዳገኘው ነርስ ፕራክቲሽነሮችን በጥብቅ የሚቆጣጠሩ ግዛቶች ውስጥ የጤነኛ ሕፃን ምርመራ ዋጋ ከ3 እስከ 16 በመቶ ይጨምራል፤ በሕፃናት ሞት ላይ ግን ጥብቅነቱ ያመጣው ለውጥ አልታየም። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ነጻነቱ በተፈቀደባቸው ግዛቶች ሰዎች መደበኛ ምርመራ የማድረግ ልማዳቸው እንደጨመረ፣ በክሊኒክ ሊታይ ለሚችል ሕመም ድንገተኛ ክፍል መሄዳቸውም እንደቀነሰ አሳይቷል። የንግድ ውድድርን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጉዳዩን በ2014 ሲመረምር የፊርማው ግዴታ ውድድርን እንደሚያጠብና ዋጋን ሊያስወድድ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ቁጥጥሩ ገንዘብ ያስወጣል፤ ለዚያ ገንዘብ ታካሚው ያገኘውን ጥቅም ግን ማሳየት ያለባቸው ሕጉ ይቀጥል የሚሉት ናቸው።

ተቃዋሚዎቹ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ከሁሉ የሚከብደው መከራከሪያቸው የሥልጠና ሰዓት ነው። አንድ የቤተሰብ ሐኪም ከሕክምና ትምህርት ቤትና ከሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ከሚወሰደው የተግባር ሥልጠና) ሲወጣ ከ10 ሺህ በላይ ሰዓት ከታካሚ ጋር አሳልፏል። ለነርስ ፕራክቲሽነር ለብዙ ዓመታት የተጠየቀው ዝቅተኛ መጠን 500 የተግባር ሰዓት ነበር፤ በኋላ ወደ 750 ከፍ እንዲል ተወስኗል። በነርስነት የሠራችባቸው ዓመታት ተጨማሪ ናቸው ይባላል፣ ለብዙዎቹም እውነት ነው። የሎሬታ ፎርድ ዘመን ሠልጣኞች ልምድ ያላቸው ነርሶች ነበሩ። ዛሬ ግን ትምህርቱን በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚሰጡ፣ ብዙ ተማሪ የሚቀበሉ፣ የተግባር ልምምድ ቦታውን ተማሪዋ ራሷ እንድትፈልግ የሚተዉ ትምህርት ቤቶች አሉ። አልጋ አጠገብ ብዙ ሳትቆይ በቀጥታ ወደዚህ ትምህርት የምትገባ ወጣትም አለች። የሙያው ተሟጋቾች ይህን አቅልለው ሲያልፉት ራሳቸውን ይጎዳሉ፤ ከ2000 በፊት የሠለጠኑ ነርሶች ያስመዘገቡት ውጤት ዛሬ ከደካማ ትምህርት ቤት ለምትወጣ ሰው ዋስትና አይሆንም። ፊርማው ግን ይህን ችግር ይፈታዋል ወይ? በቴክሳስ ከደካማ ትምህርት ቤት የወጣች ነርስ ሐኪም ካገኘች በወሩ ሥራ ትጀምራለች፤ ሃያ ዓመት የሠራችው ሐኪም ካጣች ትቆማለች። ሕጉ ሁለቱን አይለያቸውም። ቨርጂኒያ የሦስት ዓመት፣ ሚኒሶታ የ2,080 ሰዓት የሽግግር ጊዜ ሲያስቀምጡ ነገሩን ወደ ትክክለኛው ቦታ አምጥተውታል፤ ጀማሪ ከልምድ ካለው ሰው ጋር ትሠራለች፣ ከዚያ ትለቀቃለች። እኔ ከዚህም አልፌ የተግባር ሰዓቱ በብዙ እጥፍ እንዲያድግ፣ የልምምድ ቦታ ማዘጋጀትም የትምህርት ቤቱ ግዴታ እንዲሆን እደግፋለሁ። ሐኪሞች ባነሡት ሥጋት ልክ የሚሠራ መፍትሔ ይህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከጠንካራ ጥናት የመጣ ስለሆነ በደንብ መታየት አለበት። የጦር ጉዳተኞችና የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎችን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በታኅሣሥ 2016 ባወጣው ደንብ ለነርስ ፕራክቲሽነሮች ሙሉ የሥራ ነጻነት ሰጠ። ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች፣ ዴቪድ ቻንና ዪቹን ቼን፣ ከዚያ በኋላ በ44 ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች የሆነውን አጠኑ። ታካሚው ነርስ ይድረሰው ወይስ ሐኪም የሚለውን በዕለቱ ተራ የገባው ሰው ስለሚወስነው ንጽጽሩ ዕጣ የማውጣት ያህል ነበር። በ2022 ያወጡት ውጤት ነርሶቹን አይጠቅምም። በነርስ ፕራክቲሽነር የታዩ ሰዎች በድንገተኛ ክፍል የቆዩበት ጊዜ በ11 በመቶ ረዘመ፤ በ30 ቀናት ውስጥ መከላከል ይቻል በነበረ ሕመም ሆስፒታል የመተኛታቸው ዕድል በ20 በመቶ ከፍ አለ። ነርሶቹ ራጅና የስፔሻሊስት ምክርም አብዝተው ጠየቁ። የታካሚው ሁኔታ በተወሳሰበ ቁጥር ልዩነቱ ሰፋ።

ይህን ውጤት ላስተባብለው አልሞክርም፤ የነጻነቱ ደጋፊዎችም ሸሽተው ሊያልፉት አይገባም። ግን ምን እንደሚል በትክክል እናንብበው። ድንገተኛ ክፍል ያልታወቀ ሕመም የያዘ፣ ከዚህ በፊት የማያውቁት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ የሚለይበት ቦታ ነው። ሐኪሙ በሬዚደንሲ ዓመታት የሚያጠራቅመው ልምድ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው እዚያ ነው፤ ለቤተሰብ ጤና የሠለጠነች ነርስ ደግሞ ለዚያ አልሠለጠነችም። የሙንዲንገር ታካሚዎች ግን በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ለወራት ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ጥናቶች አይጋጩም፤ አንደኛው ሥልጠናዋ የሚፈቅደውን፣ ሌላኛው ሥልጠናዋ ያላዘጋጃትን ሥራ ስትሠራ የሚሆነውን ያሳያሉ። ስለዚህ የድንገተኛ ክፍል ነጻነት ለየት ያለ ሥልጠና ይጠይቅ ቢባል እስማማለሁ። ከዚሁ ጥናት ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ሌላ ግኝት አለ፦ በሐኪሞች መካከል፣ እንዲሁም በነርሶች መካከል ያለው የብቃት ልዩነት በሁለቱ ሙያዎች አማካይ መካከል ካለው ይበልጣል። አንዲት ነርስና አንድ ሐኪም በዕጣ ቢጣመሩ ከ100 ውስጥ በ38ቱ የተሻለችው ነርሷ ሆና ትገኛለች። የማዕረግ ስም ብቻውን ስለ ሰውየው ብቃት የሚነግረን ከምናስበው ያነሰ ነው ማለት ነው። የሩቅ ሐኪም ፊርማ ደግሞ የሚያያይዘው ማዕረግን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለእኛ ቅርብ ነው፦ ለሀብታም ሐኪም፣ ለድሃ ነርስ ይሆናል፣ ሁለት ደረጃ ሕክምና ይፈጠራል የሚለው። ኢትዮጵያ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ለሰባ ዓመት ያህል ኖራለች። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ሲጀምር አገሪቱ የራሷ የሕክምና ፋኩልቲ አልነበራትም፤ የአዲስ አበባው የተከፈተው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ጤና መኮንኑ በወረዳ ጤና ጣቢያ ሲመረምርና ሲያክም የኖረው የሩቅ ሐኪም ስለፈረመለት አልነበረም፣ ለዚያ ሥራ ስለሠለጠነ ነው። በ2009 ደግሞ ጤና መኮንኖችን በሁለተኛ ዲግሪ ለሦስት ዓመት አሠልጥኖ በቀዶ ጥገና እንዲያዋልዱና ሌሎች ድንገተኛ ቀዶ ጥገናዎችን እንዲሠሩ የሚያደርግ መርሐ ግብር ተጀመረ። ይህ ከአሜሪካው ነርስ ፕራክቲሽነር ሥራ እጅግ የሚከብድ ነው። ከአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን በ2011 የመዘነ አንድ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ጽሑፍ፣ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች በቀዶ ጥገና ሲያዋልዱ የእናቶችም ሆነ የሕፃናት ሞት ከሐኪሞቹ የተለየ እንዳልሆነ አግኝቷል፤ የቁስል መመረዝና መከፈት ግን በእነርሱ እጅ በዝቶ ታይቷል። ለድሃ የሚገባው ክብር እንዲህ ዓይነቱን ውጤት በሐቀኝነት መዝግቦ ሥልጠናውን ማረም ነው። ቁስሉ ለምን እንደሚመረዝ ይጠናል፣ የጎደለው ይሞላል። ሐኪም በሌለበት ወረዳ ምጥ የያዛትን እናት ሐኪም እስኪመጣ ጠብቂ ማለት ግን ከየትኛውም ደረጃ በታች ነው። ሁለት ደረጃ ሕክምና አሜሪካ ውስጥም ዛሬ አለ፤ አንደኛው የሚታከም፣ ሌላኛው ወራት ቀጠሮ የሚጠብቅ ነው።

ከደጋፊዎቹ በኩልም የተጋነነ ተስፋ እንዳለ መናገር ተገቢ ነው። ሕጉ ቢላላ ነርሶች ወደ ገጠር ይጎርፋሉ ይባላል። በእርግጥ በ2016 በአሜሪካ ገጠር የሕክምና ተቋማት ከሚሠሩ የመጀመሪያ ደረጃ ባለሙያዎች ሩብ ያህሉ ነርስ ፕራክቲሽነሮች ነበሩ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ከነበረውም ጨምሯል። ግን ነርስም እንደ ሐኪም ልጆቿን ጥሩ ትምህርት ቤት ማስገባት ትፈልጋለች፣ የትዳር ጓደኛዋ ሥራ ከተማ ነው፣ የትምህርት ብድር አለባት። ከተማ ውስጥ በስፔሻሊስቶች ቢሮ የሚሠሩት እየበዙ ነው። ነጻነቱ ማንንም አስገድዶ ገጠር አይወስድም፤ መሄድ የምትፈልገውን ግን አያግዳትም። የፊርማው ሕግ የሚያግደው በተለይ እርሷን ነው፤ ሐኪም ባነሰበት ቦታ ፈራሚም ያንሳልና። በከተማ የሚኖሩ የእኛ ሰዎችም በዚሁ ይነካሉ። አሜሪካ ከገቡ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች በአረጋውያን መጦሪያና በሆስፒታል ረዳትነት ጀምረው ነርስነት ደርሰዋል፣ ከእነርሱም ነርስ ፕራክቲሽነር የሆኑ አሉ። ልጆቿ ያመጧት፣ እንግሊዝኛ የማትችል እናት ስለ ስኳሯ በአማርኛ የምታስረዳትን ባለሙያ ስታገኝ አስተርጓሚ ሊሞላው የማይችል ነገር ይሞላል። ያቺ ባለሙያ ሜሪላንድ ብትሆን የራሷን ክሊኒክ ትከፍታለች፤ ዳላስ ብትሆን አስቀድማ የሚፈርምላት ሐኪም ፍለጋ ትዞራለች።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙም የማይወራለት፣ እኔ ግን ቀድሞ ሊስተካከል ይገባል የምለው ጉዳይ ክፍያው ነው። ሜዲኬር ለነርስ ፕራክቲሽነር የሚከፍለው ለተመሳሳይ ሥራ ለሐኪም ከሚከፍለው 85 በመቶውን ነው። ሥራው በተወሰኑ ሁኔታዎች በሐኪሙ ስም ከተመዘገበ ግን 100 በመቶ ይከፈላል። ስለዚህ ክሊኒኮች ነርሷ ያከመችውን ታካሚ ሐኪሙ እንዳከመው አድርገው ሒሳብ ያስገባሉ፤ ሕገወጥ አይደለም፣ ደንቡ ይፈቅደዋል። ውጤቱ ግን በመዝገብ ላይ ነርሷ የለችም። ያከመችው በደንብ ከሆነ ምስጋናው ለሌላ ይጻፋል፤ ከተሳሳተችም ስሕተቱ በሌላ ስም ይቀበራል። ማን በደንብ እንደሚያክም፣ የትኛው ትምህርት ቤት ደካማ እንደሚያወጣ፣ የትኛው ሥራ ከነርሷ ሥልጠና በላይ እንደሆነ የሚነግረን ያ መዝገብ ነበር። የአሜሪካን ኮንግረስ የሚያማክረው የሜዲኬር ክፍያ ኮሚሽን በ2019 ይህ አሠራር እንዲቀርና ነርስ ፕራክቲሽነሮች የሠሩትን ሁሉ በራሳቸው ስም እንዲያስመዘግቡ ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ቢሆን ሐኪሞቹም ሆኑ ነርሶቹ የሚከራከሩበት ማስረጃ ከጥቂት ሆስፒታሎችና ከጥቂት ዓመታት ጥናት ወጥቶ በመላ አገሪቱ በየቀኑ ከሚታከሙ ሰዎች መዝገብ ይቀዳል፤ የቴክሳስና የጆርጂያ ምክር ቤቶችም በሚቀጥለው ክርክራቸው የሚያነቡት የራሳቸውን ታካሚዎች ውጤት ይሆናል።